ሳታሞቃት ጠብቀኝ

ላቀው ማረፉን የነገሩኝ የእድራችን ዳኛ አቶ ጥላሁን ናቸው። እኔ የእድሩ ፒክአፕ ሹፌር ነኝ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን፣ አስከሬኑንም የምታመላልሰው እሷ ስለሆነች፣ በሰፈራችን ሰው ሲሞት ከቤተሰብ ቀጥሎ ወሬው የሚደርሰው እኔ ዘንድ ነው። አቶ ጥላሁን ሲደውሉልኝ አስቀድመው የሟቹን ስም ይናገራሉ፤ ከዚያ «መኪናዋስ ደህና ናት?» ይላሉ። ያን ቀን ስም አልጠሩም። «መኪናዋን ለነገ» ብለው ዝም አሉ። ስለ መኪናዋ ደህንነትም አልጠየቁኝም። ማን እንደሞተ ያን ጊዜ ገባኝ። የእሷን ጤና ሁላችንም የምንጠይቀው መካኒኩን ላቀውን ነበርና።

እኔ ትምህርት ብዙም የለኝም። ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ፣ የቀረውን መንገድ አስተምሮኛል። ስለዚህ ስለ ላቀው የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ ወደ ኋላ ብመለስ፣ ነገር ብደግም አትቀየሙኝ።

የላቀው ጋራዥ አየር ጤና፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጎማ ጠጋኝና በብረት በያጅ መሃል ነበር። ጋራዥ ካሉት ነው እንግዲህ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዘይት የጠጣ መሬት፣ አንድ ጉድጓድ። ሚስቱ አስካለ እዚያው አጠገብ የፊልትሮና የሞተር ዘይት ሱቅ አላት። ላቀው ረጅም ሰው ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ኮፈን ውስጥ ሲያጎነብስ ኖሮ ቀጥ ብሎ መቆም ረስቷል። ሰማያዊ ቱታ ይለብሳል። የቱታው የደረት ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አስካለ ቆርጣ የምትሰጠው ነጭ አቡጀዲ አለ። ዘይት የሚጠርግበት ጨርቅ ሌላ ነው፤ ያንን ነጩን ለምንም ነገር አያውለውም፣ ለጭስ ብቻ ነው።

ሰው መኪናው ያልለመደባትን ጭስ ስትተፋ ደንግጦ ወደ ጋራዥ ይነዳታል። ላቀው ይህን አይወድም። ነድቶ የመጣውን ሰው በደንብ አድርጎ ሰላም ይለዋል፣ የልጆቹን ደህንነት ይጠይቀዋል፣ ከዚያ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል። ሙቀቱ ሲሰማው እጁን ያነሳና «ነገ ጠዋት ቤትህ እመጣለሁ። ሳታሞቃት ጠብቀኝ» ይለዋል። የአየር ጤና ሰው በዚህ የተነሳ «ላቀው ነገ» እያለ ይጠራው ነበር። እሱም ሰምቶ ይስቃል።

«ሞተር እውነቱን የሚናገረው ጠዋት ሲነሳ ነው» ይለኝ ነበር። «ከሞቀ በኋላማ ደህና ያልሆነ ሞተር የለም።»

ታዲያ ባለው ቀን ጎህ ሲቀድ በእግሩ ይሄዳል። ቤቴልም ይሁን ቀራንዮ ታክሲ አይጠብቅም። ከደረሰ በኋላ ከማርሚታው፣ ጭስ ከሚወጣበት ቱቦ፣ ኋላ ቁጢጥ ይላል፣ አቡጀዲውን በመዳፉ ላይ ይዘረጋል፣ «አስነሳ» ይላል። እኛ ጭሱን እናያለን፤ እሱ ጨርቁን ነው የሚያየው። ጥቁር ከሆነ ብዙም አይጨነቅም። «በልታለች፣ አየር ግን አላገኘችም» ይልና ፊልትሮውን አውጥቶ አቧራውን ያራግፋል። ሰማያዊ ከሆነ ያዝናል። ዘይት እያቃጠለች ነው፣ ውስጧ ተበልቷል ማለት ነው። ከሁሉም የሚፈራው ነጩን ነው። ነጭ ጭስ ሁለት ዓይነት ነው ይላል። አንዱ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጨርቁ ላይ ይሸታል፣ መድኃኒቱም አይከብድም። ሌላው ውሃ ነው። ውሃው ጨርቁን ያረጥበዋል እንጂ አይሸትም። ላቀው ዓይኑን ጨፍኖ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ያሻል፣ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ ይቆያል። «የማይሸተውን ፍራ» የምትለው ቃል የእሱ ናት።

ደግሞ አንድ ነገር ነበረው። ክፉ ነገር ካገኘ ቆሞ አይናገርም። ባለመኪናውን ከሰው ለየት አድርጎ፣ ድንጋይም ይሁን በርሜል ፈልጎ፣ «ቁጭ በል» ይለዋል። ልክ እንደ መርዶ ነጋሪ። መኪና ሰው አይደለችም፣ ለብረት ይህ ሁሉ ምንድነው እንዳትሉ። በዚያች ፒክአፕ ድንች ጭኖ ልጆቹን የሚያሳድር ሰው፣ ሞተሯ አበቃላት ሲባል እንዴት እንደሚሆን ላቀው አይቷል። ስለዚህ ያስቀምጠዋል። ውሎ አድሮ ግን «ቁጭ በል» የምትለው ቃል ራሷ አስፈሪ ሆነች። የሰፈሩ ሾፌር ሁሉ እርስ በርሱ ሲቀልድ «ላቀው ቁጭ ይበልህ» ይባባል ነበር፤ እርግማን መሆኗ ነው።

ጎህ ሲቀድ ከሰው ደጅ ሲደርስ የሚያገኘው ነገር ምን መሰላችሁ? ባለመኪናው ቀድሞት ተነስቶ ሞተሩን አሙቆታል። መቼም ሽማግሌን በብርድ ማቆም ነውር ነው አይደል? «በብርድ እንዳላስቆምዎት ብዬ ነው ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው» ይሉታል። ላቀው መዳፉን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ይቀራል።

«ሰርግ ልትወስዳት ነው እንዴ ያሟሟቅሃት?» ይላል። «ኩሏን ተኩላ የወጣች ሴት ጠዋት እንዴት እንደምትነሳ የሚያውቀው ባሏ ነው። እኔ ባሏ እስክሆን ብትታገሰኝ ምን ነበረበት?»

አንድ ቀን ይህን ሱቁ በር ላይ ሲናገር አስካለ ከውስጥ ሰማችው። «ያንተን ጠዋት ደግሞ እኔን ይጠይቁኝ» አለችው። ጎማ ጠጋኙ ሳይቀር ሳቀ። ላቀውም ሳቀ።

ወደ እድራችን መኪና ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክረምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ ማውጣት ጀመረች። ቀብር ሲሆን ለቀስተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ከኋላዋ ይቆማል፣ እኔ ሳስነሳት ሰዉ ሁሉ በጭስ ይሸፈናል። አቶ ጥላሁን በጣም አፈሩ። የሟች ቤተሰብ ፊት እንዲህ መሆን የእድሩ ውርደት ነው አሉ። ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚያድረው። ስለዚህ ቀብር ባለ ጊዜ ከእኔ ቀድመው ይመጡና አስነስተው አሙቀው ይጠብቁኛል። ጭሱ ይጠፋል። ላቀውን ጠርተን እንዲያያት ባደረግን ቀንም እንዲሁ አደረጉ። ላቀው ኮፈኑን ነካ፤ ትኩስ ነው።

«ማን ነካት?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ጥላሁን። «አንተን የሚያህል ሰው በዚህ ብርድ ላቁምህ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያንን የሰርግ ቀልዱን ያመጣበት ነበር። ዳኛውን ግን ምን ይበላቸው? ጨርቁን ያዘ፤ ደረቅ ነው። «አሁን ምንም አይታየኝም። ሳትሞቅ ልያት» ብሎ ሄደ። በሌላ ጊዜ መጣ፤ አሁንም ሞቃ ጠበቀችው። ክረምቱ የለቅሶ ክረምት ነበር፣ መኪናዋ ከቀብር ቀብር ትላለች፣ አቶ ጥላሁን ማለዳ ማለዳ ያሞቋታል፣ ላቀው በመጣ ቁጥር ደህና ናት። ከማርሚታዋ ጭስ ባይታይም፣ እኔ ራዲያተሯን በከፈትኩ ቁጥር ውሃ ጎድሎባታል። ይህንንም ነገርኩት። ላቀው ራሱን ነቀነቀ፤ «ብቻዋን ላገኛት አልቻልኩም» አለኝ።

ከዚያ የአንዲት እናት ቀብር ሆነ። ዝናብ ነበር። ወደ ቀራንዮ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ሳጥኑ ከኋላ እንደተጫነ፣ ሞተሯ ፈላ። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ተግተልትሎ ወጣ፣ እሷም ቀጥ ብላ ቆመች። አስከሬን ተጭኖ መንገድ ላይ መቆም በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወንዶቹ ሳጥኑን አውርደው በጭቃው ውስጥ በትከሻቸው ተሸክመው ሄዱ። የሟቿ ልጅ ከኋላ እየተከተለች «እናቴን መንገድ ላይ አቆሟት» ትላለች። አልጮኸችም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ደጋግማ። ያ ድምፅ እስካሁን አለ።

ላቀው ከለቀስተኛው ጋር አልሄደም። ከእኔ ጋር ቀርቶ ዝናቡ ላዩ ላይ እየወረደ መዳፉን ኮፈኑ ላይ እንዳደረገ ቆመ። አቶ ጥላሁንም አልሄዱም። ይቆጣኛል ብለው እየጠበቁ እንደነበር ፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ላቀው ግን ጃንጥላቸውን እንዲዘረጉ በእጁ አመለከታቸው።

በማግስቱ የሞተሩን ራስ አወረደው። ከራሱና ከሞተሩ አካል መሃል የምትገባዋ ጋስኬት በአንድ በኩል ተቃጥላለች። ለእኔና ለዳኛው አሳየን። ሌሊት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው በዚያች በተቃጠለችው ቦታ እየሾለከ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጠዋት የሚወጣው ነጭ ጭስ ያ ውሃ ነው። ሲሞቅ ብረቱ ይሰፋና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ጤነኛ ትመስላለች። «አልዋሸችም» አለ ላቀው። «ስትናገር ሰሚ አጥታ ነው።» አቶ ጥላሁን ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው የሚያድረው፤ እሷም ላቀው ጋስኬቷን ከቀየረላት ወዲያ ነጭ ጭስ አውጥታ አታውቅም።

አሁን ወደማልፈልገው ቦታ ደረስኩ።

ባለፈው ክረምት ላቀው ጋራዡን ዘግይቶ መክፈት ጀመረ። ያ ጎህ ሲቀድ የሰው ደጅ የሚቆም ሰው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የሚታየው። ሰው ቤትም መሄድ ተወ፤ «እዚሁ አምጣት» ማለት ጀመረ። እርጅና ነው ብለን አለፍነው። ከሰዓት በኋላ ስናገኘው ደህና ነው፤ ይጫወታል፣ ይቀልዳል። ትንሽ ከስቷል፣ ያ ብቻ።

አንድ ቀን ዘይት ልገዛ አስካለ ሱቅ ገባሁ። ቆርቆሮውን አቀበለችኝና እጇን ሳታነሳ ቆየች። «ጋሽ በየነ፣ ላቀው ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደሚሆን ያውቃሉ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ሲነጋ የሚይዘው ሳል ቤቱን እንደሚያናውጥ ነገረችኝ። ግድግዳ ይዞ ነው የሚቆመው። ሲያበቃለት ሙቅ ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ትንፋሹ ሲመለስለት ቱታውን ለብሶ ይወጣል። ቤቴል ክሊኒክ ሄዷል፤ ደጋግሞ ሄዷል። የሚሄደው ግን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሽሮፑን ጠጥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ጃኬቱን ለብሶ። እሷን አብራው እንዳትገባ ከልክሏታል። ለሐኪሟ ትንሽ ጉንፋን ይላታል፤ ሐኪሟ ራጅ ተነሱ ብትለው ሥራ ይዣለሁ፣ ሌላ ቀን ይላል። ኪኒን ተሸክሞ ይመለሳል።

«ያኔ ያንተን ጠዋት እኔን ይጠይቁኝ ብዬ ቀልጄ ነበር» አለች። «ይኸው የጠየቀኝ የለም።»

የሚያስለቅሳት መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። ነገ ጎህ ሳይቀድ መኪናዋን ይዤ እንድመጣ ጠየቀችኝ። መጣሁ። ስገባ ላቀው ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ሊነሳ እየታገለ ነው። ሲያየኝ ሁሉም ነገር ገባው።

«ሻይ ልጠጣ እንጂ» አላት።

«አትጠጣም።»

«ፊቴን ልታጠብ።»

«ዛሬ ሳትሞቅ ነው የምትሄደው» አለችው።

ላቀው እሷን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ደግሞ እንደማያልቅ ሆነ። ግድግዳውን ያዘ። አስካለ ከተሰቀለው ቱታ ኪስ ያንን ነጭ አቡጀዲ አውጥታ አፉ ላይ ያዘችለት። ሲያበቃ ጨርቁን አየችው፣ አጣጥፋም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምን እንዳየች አልጠየቅኳትም።

ክሊኒኩ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ደግ ልጅ ናት። በዚያ ሰዓት ስታየው ያ ከሰዓት በኋላ የምታውቀው ሰው አልመስል አላት። ጀርባውን ለረጅም ጊዜ አዳመጠችው። የምትጠይቀውን ሁሉ አስካለ መለሰች። የዚያኑ ዕለት ራጅ ተነሳ፤ ከዚያም ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ፣ ሌላ ምርመራ ተጨመረ። ውጤቱን ይዘን ወደ ወጣቷ ሐኪም ተመለስን። ላቀው ቆሞ ነበር። ወረቀቱን አንብባ ጨረሰችና ወንበሩን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«ቁጭ ይበሉ አባባ» አለችው።

ላቀው አልተቀመጠም። ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ሁለታችንም ያቺን ቃል እናውቃታለን። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሳንባው ውስጥ የበቀለው ነገር ወደ ሌላውም አካሉ ተዛምቷል። ዙሪያውን ውሃ ሞልቷል። ውሃውን እንቀዳልዎታለን፣ ስቃዩን እናቀልልዎታለን አለችው። አድንሃለሁ አላለችውም። እሱም አልጠየቃትም። የጠየቃት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብቻ ነው።

«እሱን እኔ ነበርኩ እርስዎን ስጠይቅ የነበረው» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

ወደ ቤት ስንመለስ በጋቢናው መሃል እኛ ግራና ቀኝ ሆነን ተቀመጠ። መንገዱ እየተቆፈረ ስለነበር ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። አየር ጤና ስንደርስ የራሱን ጋራዥ በመስኮት አይቶ አለፈው።

«በየነ» አለኝ።

«አቤት።»

«እነዚያ ሰዎች እኔን አክብረው የሚያሞቁ ይመስለኝ ነበር።»

ለአንድ ጉድጓድ ማርሽ ቀነስኩ።

«ፈርተው ነው» አለ። «ቁጭ በል እንዳልላቸው። ስንቱን በከንቱ ተቆጣሁት።»

አስካለ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ከዚያ በኋላ የቆየው ጥቂት ነው። ጠያቂ ሲበዛ አንድ ነገር አዘዘ፤ የሚመጣ ሰው ጠዋት ይምጣ አለ። አስካለ ጠዋት ይደክምሃል ብትለው አልሰማም። ስለዚህ እኛ ጓደኞቹ በየማለዳው አልጋው አጠገብ ተቀምጠን፣ ግድግዳ ይዞ ሲስል፣ ትንፋሽ አጥሮት ፊቱ ሲጠቁር አየን። አንዱ ጎረቤት እንደ ወጉ «ዛሬስ ደህና መስለሃል» ቢለው፣ ላቀው «ኮፈኑን እኮ ነው የምታየው» አለው። ሳቅ መጣብንና ሳንስቅ ቀረን። ውሃውን ሁለት ጊዜ ቀዱለት፤ ተመልሶ ሞላ። በመጨረሻ ቀናቱ ላይ መናገር ስላቃተው መዳፉን እጄ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ ልክ ኮፈን ላይ እንደሚያሳርፈው፣ ዝም ብሎ፣ እያዳመጠ።

የቀብሩ ቀን ብርድ ነበር። ማለዳ ስደርስ አቶ ጥላሁን መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ስለሆነ ምን ሊያደርጉ ቀድመው እንደመጡ እንጃ። «ውርጭ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም «እንዳትነካት» አሉኝ። አልነካኋትም። ወደ ልቅሶው ቤት ገፍተን፣ ቁልቁለት ነበርና፣ ሞተሯን ሳናስነሳ ነው ያደረስናት። ሳጥኑን ጫኑ። ለቀስተኛው ከኋላ ተሰለፈ። ቁልፉን ልጨምር ስል አስካለ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ መጣች። ነጭ አቡጀዲ፣ አዲስ የተቆረጠ፣ በእጇ ይዛለች።

«ጋሽ በየነ፣ ይዩልኝ» አለች።

ቁልፉን ለአቶ ጥላሁን ሰጠኋቸው። ጋቢና ገብተው ተቀመጡ። እኔ እያቃሰትኩ ከማርሚታው ኋላ ቁጢጥ አልኩ፤ ሳጥኑ ከራሴ በላይ ነው። ጨርቁን በመዳፌ ዘረጋሁት። ልቅሶው ቆመ። ሰዉ ሁሉ ላቀው ጎህ ሲቀድ እንዲህ ሲሆን አይቶታል።

«ያስነሱ» አልኩ።

ሞተሯ አንዴ አጉረመረመች፣ ከዚያ ተነሳች። መጀመሪያ ትንሽ ጥቁር ጭስ ወጣ። ከዚያ ጠራ። ጨርቁን በሁለት ጣቴ አሸሁት፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፣ ቆየሁ። እሷ ጎንበስ ብላ ትጠብቀኛለች።

«ደረቅ ነው» አልኳት።

አስካለ ጨርቁን ተቀበለችኝ። እሷም አሸችው።

«ለመኪናዋስ በጊዜ ደርሶላት ነበር» አለች።

ተነስቼ ጋቢና ገባሁና ቀስ ብዬ ነዳኋት። ዳገቱ ላይ አልቆመችም።